አሮጌውን የመስክ ሞተር ብስክሌት ከነመልኩ ማደስ

ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ጥግ፣ በጋራዦች ጓሮና በመኖሪያ ቤቶች በረንዳ ላይ ጎማቸው የተነፈሰ፣ መቀመጫቸው የተቀደደ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ተደግፈው ይታያሉ። ብዙዎቹ በአንድ ወቅት የግብርናና የጤና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ያመላለሱ፣ ዘርና መድኃኒት የተጫነባቸው ናቸው። ዛሬ ሁለት ዕጣ ይጠብቃቸዋል። ወይ በንብረት ማስወገጃ ጨረታ ተሸጠው ለመለዋወጫ ይበታተናሉ፤ ወይ ለማደስ በተነሣ ሰው እጅ ገብተው ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛሉ። ሁለተኛው ዕጣ ግን ሁልጊዜ መዳን አይደለም። ማንነቱን ሳያጣራ የሚፈታ፣ የሚፍቅና የሚቀባ እጅ ዝገት በ30 ዓመት ያላጠፋውን በአንድ ሳምንት ሊያጠፋ ይችላል።

በሰሜን ወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች በመስክ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው ቀላል ሞተር ብስክሌቶች መካከል የጃፓኑ ያማሃ ሥሪቶች ይገኙበታል። ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ነው። የመጀመሪያ ምርቱ ዋይኤ-1 የተሰኘ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ የተቀዳውም ከጀርመኑ ዲካቬ አርቲ 125 ነበር። ይኸው የጀርመን ሥሪት በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረትም ተቀድቷል። ቀላል፣ ባለ ሁለት ምት፣ በመንደር ጋራዥ የሚፈታ ሞተር የሚለው ሐሳብ በዓለም የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ግን ኤጂ 100 ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ለግብርና የታሰበ ነው፤ መነሻውም የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ እርሻዎች ናቸው። ሞተሩ 97 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የፒስተኑ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 45.6 ሚሊ ሜትር ነው። በጎዳና ሞተር ብስክሌት ላይ የማይገኙ ክፍሎችም አሉት። ካቴናው ከአቧራና ከጭቃ እንዲጠበቅ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ገበሬው በፈለገው ጎን እንዲወርድ ማቆሚያ እግሩ በግራም በቀኝም ተገጥሟል። ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው። የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጨብጦ የሚቆለፍበት ትንሽ መያዣ ስላለውም አሽከርካሪው ሞተሩ ሳይጠፋ ወርዶ በር መክፈት ይችላል። በሀብሩ ወረዳ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ባሉበት አካባቢ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለምን እንደሚፈለግ ማስረዳት አያሻም።

የሚያሳዝነው፣ ሲጠገን በመጀመሪያ ተፈትቶ የሚጣለው ይኸው ልዩ የሚያደርገው ክፍል መሆኑ ነው። የካቴናው ሽፋን «ለመክፈት ያስቸግራል» ተብሎ ይወረወራል፤ የፊት መጫኛው ለሌላ ሥራ ይቆረጣል፤ የፍሪሲዮኑ መቆለፊያ ጥቅሙ ሳይታወቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሞተር ብስክሌት ይሄዳል፤ ኤጂ 100 ግን አይደለም።

ከመፍታት በፊት ማንበብ

የእድሳት የመጀመሪያ መሣሪያ ቁልፍ ሳይሆን ደብተር ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከመታጠቡ በፊት ከሁሉም ጎን ፎቶ ይነሣል፤ የሽቦዎች አካሄድ፣ የገመዶች ማለፊያ፣ የእያንዳንዱ ቡሎን ርዝመትና ቦታ ይመዘገባል። የተፈታው ዕቃ ከየክፍሉ ጋር በየከረጢቱ ተጽፎበት ይቀመጣል። ይህ ሁሉ አሰልቺ ቢመስልም፣ ከስድስት ወር በኋላ ሲገጠም የትኛው ዳዶ የየት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ከሁሉ የሚቀድመው የቁጥር ጉዳይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በመሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል። በብዙዎቹ የቀድሞ ያማሃዎች ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ይሁን ወይም ከሌላ የመጣ በአንድ እይታ ይታወቃል። ከመለያ ቁጥሩ ፊት ያለው ምልክት ደግሞ ሥሪቱን ያመለክታል፤ ትክክለኛ መለዋወጫ የሚፈለገው በእርሱ ነው።

እዚህ ላይ አደጋው የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና በየጊዜው እንዲመረመር ያስገድዳል። በሊብሬው ላይ የሰፈረው ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ዝገት ለማንሣት በድንጋይ ሞረድ የተፋቀ፣ በስቱኮ የተደፈነ ወይም በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ንጹሕ ባለቤት የነበረውን ሰው ባለጥርጣሬ ያደርገዋል። ስለዚህ የቁጥሩ ቦታ በእጅ፣ በለስላሳ ብሩሽና በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ብቻ ይጸዳል፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ይሸፈናል። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የሚገዛ ሰው የሽያጭ ሰነዱንና የቀድሞውን ሊብሬ ሳይቀበል የመጀመሪያውን ቡሎን ባይፈታ ይመረጣል። ያለ ወረቀት የታደሰ ሞተር ብስክሌት ከግቢ የማይወጣ ጌጥ ነው።

የጋራዡ ጣሊያንኛ፣ የጃፓኑ ቡሎን

ወልድያ ውስጥ ያማሃ የሚፈታ መካኒክ የሚናገረው ጃፓንኛም እንግሊዝኛም አይደለም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ ይላል። ቃላቱ ከጣሊያን መኪኖችና መንገዶች ጋር የመጡ ናቸው፤ የመጡበት መኪና ከመንገድ ቢጠፋም እነርሱ በጋራዡ ቀርተዋል። ዕቃ በስልክ ለሚያዝ ሰው ይህ ትንሽ ችግር ይፈጥራል። የፋብሪካው ዝርዝር በሌላ ቋንቋ ስለተጻፈ፣ ከስሙ ይልቅ የዕቃውን ቁጥርና የሥሪቱን ምልክት መላክ ከስሕተት ያድናል።

ሌላው ከጃፓን የመጣ ልዩነት የብዙዎችን ትዕግሥት የፈተነ ነው። የቀድሞዎቹ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች የሞተር ክዳን የሚታሰረው በመስቀለኛ ራስ ብሎኖች ነው። መስቀሉ በገበያ ከሚገኘው የተለመደ ካቻቢቴ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። ያልተስማማው ካቻቢቴ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ከዚያ መሮ ይመጣል፤ በመሮ የተመታ ብሎን ደግሞ የአሉሚኒየሙን ክዳን ይሰነጥቃል። በራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ያለበት መስቀለኛ ብሎን የጃፓን ደረጃ ስለሆነ፣ ለእርሱ የተሠራ ካቻቢቴ መፈለግ ወይም ያለውን ጫፍ በጥንቃቄ ሞርዶ ማስማማት ይገባል። ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት አንድ ሌሊት ዘልቆ የሚገባ ዘይት ቢጠጣ፣ ከዚያም ራሱ በቀስታ ቢመታ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል።

የፋብሪካውን ብሎን ማቆየት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። የአንድ ሞተር ብስክሌት መልክ የሚታወቀው በታንኩ ቀለም ብቻ ሳይሆን በብሎኑ ራስ ቅርጽ፣ በገመዱ መያዣ፣ በመብራቱ መስታወት ጽሑፍም ነው። ታንኩ በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊቀባ ይችላል። የጠፋ ትንሽ ዕቃ ግን ከሌላ ሞተር ብስክሌት ካልተነቀለ አይመጣም።

ዘይቱና ዳገቱ

ባለ ሁለት ምት ሞተር ከታች የዘይት ቋት የለውም። ፒስተኑንና የክራንክ ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦቶሉብ የተባለውን ዘዴ በምርቱ ላይ አዋለ። በዚህ ዘዴ ዘይቱ በራሱ ታንክ ይቀመጣል፤ በሞተሩ የምትሽከረከር ትንሽ ፓምፕ ደግሞ እንደ ፍጥነቱና እንደ ጋዝ እጀታው አከፋፈት እየመጠነች ትልከዋለች። ፓምፗ በገመድ ከጋዝ እጀታው ጋር የተያያዘችው ለዚህ ነው።

በመስክ ሥራ ላይ በቆዩት ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህች ፓምፕ ተነቅላለች፤ ወይም ገመዷ ተቆርጦ ቀዳዳው ተደፍኗል። መካኒኮችን መውቀስ አይገባም። ፓምፗ በቆሻሻ ስትዘጋ አሽከርካሪው የሚያውቀው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሲጣበቅ ብቻ ነውና አለማመናቸው ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ምትክ የሆነው ዘዴ፣ ማለትም በላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛ ቤንዚን ጋር ዘይትን በግምት መደባለቅ፣ የራሱን ጉዳት ያመጣል። ዘይቱ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል። ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ይነክሳል።

በወልድያ ዙሪያ ያለው መልክዓ ምድር ጉዳዩን ያባብሰዋል። ቻይናውያን በ1960ዎቹ መጨረሻ መሥራት በጀመሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ ከዲልብ ወደ ወልድያ የሚወርድ አሽከርካሪ ለረጅም ጊዜ ጋዙን ዘግቶ፣ በማርሽ እየያዘ ይወርዳል። ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚገባው ቤንዚን ግን ጥቂት ነው። ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ ከሆነ እርሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ቁልቁለቱን የሚጨርሰው ደርቆ ነው። ፓምፗ ካለች ግን ከሞተሩ ጋር ስለምትሽከረከር ጋዙ ቢዘጋም ዝቅተኛውን መጠን መላኳን አታቆምም። ስለዚህ እዚህ አገር ፓምፗን ወደ ቦታዋ መመለስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዘይት ታንኩ ታጥቦ ዝቃጩ ይወገዳል፤ የደረቀው ቱቦ ይቀየራል። በፓምፗ ላይ ያለው ማስወጫ ብሎን ተከፍቶ አንድም የአየር አረፋ እስከማይታይ ድረስ ዘይቱ እንዲፈስ ይደረጋል። የገመዱ ውጥረት በፓምፗ መንኰራኩር ላይ ካለው ምልክት ጋር ይስተካከላል። እስኪታመን ድረስም የመጀመሪያው ታንክ ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ለ20 ሊትር በሚሆን ልክ ተደባልቆ ይሞላል። በዘይት ታንኩ ላይ ምልክት አድርጎ መጠኑ መቀነሱን ማየት ፓምፗ መሥራቷን ያረጋግጣል። ጭሱ ለጥቂት ቀን ይበዛል፤ ጎረቤት ቢያማርርም ይታገሣል።

ፒስተኑ ከተበላ ያማሃ ከመነሻው መጠን በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ፒስተኖችን ከነፋሻቸው ያቀርብ ነበር። ልምድ ያለው ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን በዚያው ልክ ያሰፋዋል። ፒስተኑ ሳይገኝ ሲሊንደሩን ማስፋት ግን የተለመደ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ፒስተኑ በእጅ ይገባል፤ ሲሊንደሩ በእርሱ ልክ ይሠራል። ከአራቱ መጠኖች የሚቀድመውን ትንሹን መምረጥም ለሚቀጥለው ትውልድ ሦስት ዕድል ማስቀረት ነው።

ለዓመታት የቆመ ሞተር ሌላ የተደበቀ ሕመም አለው። በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ያሉት የጎማ ሲሎች ደርቀው ይሰነጠቃሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር እነዚህ ሲሎች አየር ሳይመዘን እንዳይገባ ይከላከላሉ። ሲያፈስሱ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ካርቡሬተሩን ምንም ያህል ቢያስተካክሉት አይድንም። «ጥሩ ተነሥቶ ነበር፣ መርሳ ሳይደርስ ነከሰ» ለሚለው የተለመደ ታሪክ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ዋጋቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ ከተከፈተ ያለ ክርክር ይቀየራሉ።

ካርቡሬተሩ በተቃራኒው እምብዛም አይጣልም፤ ይታጠባል እንጂ። ቀዳዳዎቹ በሽቦ ከተጎረጎሩ መጠናቸው ስለሚለወጥ በማጠቢያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ብቻ ይጸዳሉ። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከቆላው ይልቅ ቀጭን ነው። ለባሕር ዳርቻ የተመጠነ ዋና ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። አነስ ያለ ጂግለር መግጠም ያስፈልግ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን ከደብተሩ ጋር ይቀመጣል እንጂ አይጣልም።

ቀለም፣ ሽቦና የሥራ ጠባሳ

የመጀመሪያው ቀለም የት እንደሚገኝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ያላየውን ቦታ ይመልከት። ከመቀመጫው ሥር፣ ከታንኩ መለያ ምልክት ጀርባ፣ ከዘይት ታንኩ ኋላና ከፊት መብራቱ ማቀፊያ ውስጥ ፋብሪካው የቀባው ሳይደበዝዝ ይገኛል። በላዩ ሁለትና ሦስት ዙር ከተቀባ፣ በእርጥብና እጅግ በላመ ብርጭቆ ወረቀት አንዲት የሳንቲም ያህል ቦታ በቀስታ ማሸት እያንዳንዱን ሽፋን እንደ ዛፍ ዕድሜ ቀለበት ያሳያል። የቀለም ባለሙያው በምስል ሳይሆን በዚያ ናሙና ያስማማ።

የታንኩ ውስጥ ዝገት በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይለቃል። በሀብሩ የሎሚና የብርቱካን እጥረት ባይኖርም፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርና ቃጫ ስላለው ዱቄቱ ይሻላል። ታንኩ ከዚያ በኋላ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጥቦ፣ ወዲያው ደርቆ ዘይት ሊቀባ ይገባዋል። ቀዳዳ ካለውና ብየዳ ከፈለገ፣ ባዶ የሚመስለው ታንክ በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ከቤንዚኑ ይልቅ አደገኛ መሆኑ አይዘንጋ። ደጋግሞ ሳይታጠብና ውኃ ሳይሞላ እሳት ሊቀርበው አይገባም።

በኤሌክትሪኩ በኩል ሽቦን በሽቦ መቀየር ቢቻልም የቀለም ሥርዓቱ መከበር አለበት። በያማሃ ጥቁሩ ሽቦ መሬት ነው፤ በሆንዳ ደግሞ አረንጓዴው። ከሆንዳ የተነቀለ የሽቦ ጥምር ያማሃ ላይ ገጥሞ ሁሉንም በአንድ ቀለም ፕላስተር የሚጠቀልል ሰው ለሚቀጥለው መካኒክ እንቆቅልሽ ያወርሳል። በአሮጌዎቹ ሥሪቶች ላይ ፑንቲናና ኮንደንሰር ይገኛሉ። ዘመናዊ ማቀጣጠያ መግጠም የሚመቻቸው ቢኖሩም፣ ፑንቲና በትንሽ ሞረድና በስስ መለኪያ መንገድ ዳር የሚስተካከል መሆኑ የራሱ ጥቅም አለው።

አሁን አከራካሪው ጥያቄ ይመጣል። በታንኩ ጎን በእጅ የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ስምና የንብረት ቁጥር ቢገኝስ? ከፋብሪካ አልወጣም፤ ስለዚህ «ኦሪጅናል» አይደለም ተብሎ ይፋቅ? እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በምሕጻሩ ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አንድ ተሽከርካሪ በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው ለውጥ የታሪኩ አካል ሊሆን ይችላል፤ እድሳት ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ወደነበረው መልክ የግድ መመለስ ማለት አይደለም። እኛም የምንደግፈው ይህንን ነው። ፋብሪካው አንድ ዓይነት ታንክ በብዙ ሺሕ ሠርቷል፤ የአንድ የወሎ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስም የተጻፈበት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ወልድያና አካባቢዋ ከደረሰባቸው ዝርፊያና ውድመት በኋላ ደግሞ የቀረው ይበልጥ ጥቂት ነው። ጽሑፉ ይጽዳ፤ በስስ መከላከያ ቫርኒሽ ይሸፈን፤ አይፋቅ።

ይኸው ፌዴሬሽን ግን አንድ ተሽከርካሪ ጥንታዊ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ መስፈርት ለአውሮፓ ሰብሳቢ ይመቻል። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚያደርስን የ35 ዓመት ያማሃ ከታሪክ ማግለል ግን ለእኛ አይዋጥም። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ብስክሌት ሲታደስ ግን ለደኅንነት ሲባል መልክ የሚለቅባቸው ቦታዎች አሉ። ጎማ አንደኛው ነው። በጎማው ጎን ከታተሙት አኀዞች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተመረተ ጎማ ባለ ሦስት አኀዝ ስለሆነ፣ ቅርጹ ምንም ያህል ቢያምር ለዕይታ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የድሮ የፍሬን ጫማ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በከበሮው ውስጥ ያለው አቧራ በአየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የፍሬን ገመድና የቸርኬ ራጂ አሮጌ በመሆናቸው ብቻ የሚጠበቁ ቅርሶች አይደሉም።

የመለዋወጫ ፍለጋው ከሚፈራው ይቀልላል። ኤጂ 100 ለረጅም ዓመታት መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ስለተመረተ፣ የኋለኛው ዘመን ዕቃ በፊተኛው ላይ የሚገጥምበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የማይገኘው ዕቃ በቶርኖ ቤት ሲሠራም በማይታየው ጎኑ የተሠራበትን ዓመት መምታት በኋላ የሚመጣውን ባለቤት ከመሳሳት ያድነዋል።

ሁሉ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ፣ ፒስተንና ፋሻ የተቀየረለት ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ጋዝ አይሰጠውም፤ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜም አይነዳም። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ለመጀመሪያ ፍተሻ የተመቸ ነው። መርሳ ላይ ቆሞ ካንዴላውን መንቀል፤ ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷልና ጉዞው እዚያው ይቁም፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ቤት ከተመለሱ በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አሳድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት የሲሊንደር ራሱን ዳዶዎች በማዕዘን አቅጣጫ እያፈራረቁ በልካቸው ማጥበቅ፤ ራጂዎቹንም አንድ በአንድ በቁልፍ ጀርባ መታ መታ አድርጎ የላላውን በድምፁ መለየት ነው።